የጆሮና የጅራት ዳኛ

መልክ የሚያዛምድ ሰው የሌለበት መንደር እግዜር አልፈጠረም። ሌላው ጎረቤት አራስ ሊጠይቅ ሲገባ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ይላል፤ ሕፃኑን አየት ያደርጋል፤ «ሲያምር» ይልና የቀረበለትን ቀምሶ ይወጣል። መልክ አዛማጁ ግን ገና ደጃፍ ላይ እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ገብቶ መጠቅለያውን በአንድ ጣቱ ገለጥ ያደርጋል። ቤቱ ጸጥ እስኪል ይጠብቅና «ይሄ ጆሮ የማን ነው?» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። በዚህች ጥያቄ ብቻ ስንቷ አማት ከምራቷ እንደተኳረፈች፣ ስንቱ ባል እራቱን ሳይበላ እንዳደረ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው።

በካስቲዮስ ከተማ ዙሪያ፣ ከዘንባባው ሜዳ እስከ ረግረጉ ድረስ ባለው የኡራጓይ ምድር፣ ይህን ሥልጣን ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ዶኛ ዴልሚራ ቴቼራ ናቸው፤ «ዶኛ» በአገሩ እመቤት ማለት ነው። ክብርት ዶኛ ዴልሚራ፤ የጆሮና የጅራት ጠቅላይ ዳኛ፣ የአፍንጫ መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የአገጭ ዐቃቤ ሕግ። ቁመታቸው ከበር መወርወሪያ አያልፍም። ሰማንያን ዘለዋል ይባላል፤ መነጽር ግን አድርገው አያውቁም። አገሬው «ዐይናቸው በደከመልን» እያለ ሻማ ያበራል እየተባለ ይቀለዳል።

ጅራት የተባለው ለማሳመሪያ አይደለም። አባታቸው አሳማ አርቢ ስለነበሩ ያደጉት ከግልገል ጋር እየተንከባለሉ ነው። ሰው ማንበብ የተማሩትም ከአሳማ ነው፤ ይህንንም አይደብቁም። «ሰው ልብስ ይለብሳል፣ ዱቄት ይቀባል፣ ያስመስላል። አሳማ ምኑንም አያውቅበትም። መጀመሪያ አሳማ ላይ ተማሩ፣ ከዚያ ወደ ሰው ኑ» ይላሉ። ሲጨርሱ «ደም ጅራት አለው» የሚል ማሰሪያ አላቸው። ትርጉሙን ጠይቆ የተረዳ የለም፤ ብቻ ሲናገሩት የሰማ ሁሉ ሳያውቀው እጁን ወደ ኋላው ይሰዳል።

አንድ ጊዜ በገበያ ቀን አንድ የላስካኖ ሰው አውራ አሳማውን ይዞ ቆመ። «ንጹሕ ፓምፓ ነው» ይላል ላለፈ ላገደመው። ፓምፓ የአገሩ አሳማ ነው፤ መላ አካሉ ጥቁር፣ አራቱ እግሮቹ፣ የአፍንጫው ጫፍና የጅራቱ ጫፍ ደግሞ ነጭ። ዶኛ ዴልሚራ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ስድስቱም ነጭ አሉ» አሉ። «ፊቱ ግን ረዝሟል። ጆሮው መውደቅ ሲገባው እንደ ዘበኛ ቆሟል። ጅራቱም ቀጥ ብሏል። የዚህ አያቱ ረግረግ ውስጥ ከዱር አሳማ ጋር ነው ያደሩት።»

«ጅራቱ የተዘረጋው እኮ ፀሐዩ አድክሞት ነው ዶኛ።»

እሳቸው ጎንበስ ብለው የአሳማውን ሆድ ያኩለት ጀመር። የቤት አሳማ ሆዱን ሲያኩለት ጅራቱን እንደ ቀለበት ይጠቀልለዋል። ያኛው ግን ከደስታው ብዛት እንደ ዱላ ቀጥ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ገበያተኛው ሳቀ፤ ሰውዬው አውራውን እየጎተተ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከላስካኖ የሚመጣ አርቢ መጀመሪያ ዶኛ ዴልሚራ ገበያ መውጣት አለመውጣታቸውን ያጣራል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡትን ሁለት የማይተዋወቁ ሽማግሌዎች ሲያዩ ቆይተው «እናንተ የሥጋ ዘመዳሞች ናችሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ካስቲዮስ ሲደርሱ ግን አያቶቻቸው በአንድ ፈረስ ተጣልተው የተለያዩ ወንድማማቾች መሆናቸውን ደርሰውበት ተቃቅፈው ይላቀሱ ነበር። ዕቃቸውን አውርደው ሳይጨርሱ ታዲያ «ፈረሱ የኛ ነበር፣ የናንተ ነበር» ብለው እንደ አዲስ ተጣሉ። አዲስ የመጡትን ቄስም አልማሯቸውም። ቅዳሴው እንዳለቀ ጠጋ ብለው «አባ፣ ጆሮዎ ከድንበሩ ወዲያ ነው፤ ከብራዚል» አሏቸው። ቄሱ ቤታቸው ገብተው መስተዋት ፊት ቆሙ ይባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምን ያድርጉ።

ኒቢያ ኦላስኮአጋ ግን ዶኛ ዴልሚራን የምትፈራበት ከሳቅ ያለፈ ምክንያት ነበራት።

ባሏ አንሴልሞ ከሞተ ወዲህ ፓምፓ አሳማዎቹን ይዛ የቀረችው እሷ ናት። ዘሩን ሳይበረዝ ማቆየቱን እንደ አደራ ነበር የምታየው። ሞሬና የምትባለው እናት አሳማዋ ከጎረቤት ንጹሕ አውራ ባረገዘች ጊዜ የአካባቢው አርቢዎች ግልገሎቹን ለዘር ሊካፈሉ ተስማሙ። በወለደች ሰሞን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሊያዩ መጡ። ዶኛ ዴልሚራም መጡ። የጠራቸው የለም፤ እሳቸው መች ተጠርተው ያውቃሉ።

ኒቢያ ጧት ጉረኖ ስትገባ ባየችው ደንግጣ ነበር። ገሚሱ ግልገል ጥቁር ነው፤ ስድስቱም ነጭ በየቦታቸው አሉ። የቀረው ግን ቡናማ ሆኖ ከአንገቱ እስከ ዳሌው እንደ ሐብሐብ ባለ መስመር ነው።

«ጭቃ ነው፤ ሌሊት ዘንቦ ነበር» አለች፣ አርቢዎቹ አጎንብሰው ሲያዩ።

ዶኛ ዴልሚራ አንዱን ግልገል አንስተው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«ጭቃ እንዲህ በማስመሪያ አይቀባም ልጄ» አሉ። «ሞሬና ሁለት ሙሽራ ነበራት። አንዱ በደጅ ነው የገባው። ሌላው በአጥር።»

አርቢዎቹ ተሳሳቁ። አንዱ «የሁለተኛው ሙሽራ ስም ይታወቃል?» ሲል ጠየቀ።

«ስሙን አላውቅም። ቤቱ ረግረጉ ነው። የዱር አሳማ ልጅ ሲወለድ መስመር ለብሶ ነው፤ ሣር ውስጥ ሲተኛ እንዳይታይ እግዜር ያለበሰው ነው። ከፍ ሲል ይጠፋል። የሚጠፋው መስመሩ ነው እንጂ ደሙ አይደለም። ጥቁሮቹ የአውራችሁ ናቸው፤ ውሰዷቸው።»

አርቢዎቹ ግን ጥቁሮቹንም አልወሰዱም። «በሌላ ጊዜ» ብለው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ኒቢያ ፊቷ እንደ ፍም እየነደደ ዶኛ ዴልሚራን እስከ ደጅ ሸኘቻቸውና «ከዛሬ ጀምሮ እግርዎ ይህን ግቢ እንዳይረግጥ» አለቻቸው። ዶኛ ዴልሚራ አልተቆጡም። ለመሄድ ፈቀቅ ካሉ በኋላ መለስ ብለው አጥሩን አዩና «ከታች በኩል ላልቷል» ብለው ሄዱ። ይበልጥ ያቃጠላት ትክክል መሆናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ አጥሩን አፍርሶ እንደ አዲስ የሠራላት የልጇ የማይቴ ባል አዴማር ነው። አዴማር ካስቲዮስ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት የዶኛ ዙልማ አንድ ልጅ ነው፤ ግን ከጨርቅ ይልቅ አሳማ ይወዳል። ማይቴን አግብቶ ኒቢያ ግቢ ውስጥ ጎጆ የወጣውም ለዚሁ ነው። ድንጋይ ከታች፣ የባሕር ዛፍ አጣና ከላይ አድርጎ፣ እጁ እስኪላጥ ደክሞ የሠራውን አጥር ለማሳየት ሰው ሁሉ እየያዘ ያዞር ነበር። ኒቢያ በልቧ «እንዲህ ያለ አማች ለጠላቴም አይሰጠው፤ የኔ ብቻ ይሁን» ትላለች።

በዚያው ዓመት የዱር አሳማ የሩዝ እርሻውን ሲፈጅ፣ ጉዳቱን ሊያጠና ከዋናው ከተማ አንድ የእርሻ ባለሙያ መጣ። ኢንጂነሩ ይሉታል። ትሑት ሰው ነው፤ ኒቢያ ቤት ክፍል ተከራይቶ አንድ ክረምት ቆየ። ጢሙ ግን እንደ በሰለ ቃሪያ ቀይ ነበር። ያኔ ነገሬ ያለው የለም። ኢንጂነሩ በሄደ በወራቱ ማይቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ታጥቦ ፀጉሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደዚያው ቃሪያ ቀይ ሆኖ ተገኘ።

አዴማር መጀመሪያ በደስታ ሰክሮ ምኑም አልታየው። ዙልማ መጣች። ልጁን አንድ ጊዜ አየችው፤ ያንን እንደ ቁራ ላባ የጠቆረ ፀጉሯን በእጇ አበስ አበስ አደረገችና «በኛ ቤት ቀይ ፀጉር ታይቶ አያውቅም» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ያ ኢንጂነር ወዴት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። መቼም ነገር ከአፍ ከወጣ አይመለስም። በሳምንቱ አዴማር ከእናቱ ሱቅ በላይ ባለው ክፍል ማደር ጀመረ። ጧት ጧት አሳማዎቹን ሊቀልብ ይመጣል። ቀልቦ፣ ጉረኖውን ጠርጎ፣ የቤቱን በር ሳያይ ይመለሳል። ማይቴ በመስኮት ታየዋለች። አንድ ቀን ወጥታ «አዴማር፣ የምታውቀኝ አንተ ነህ። ልጁ ያንተ ነው» አለችው። ባልዲውን እንደያዘ መሬት መሬት እያየ ሄደ። ሁለተኛ አልወጣችም።

ኒቢያ እንቅልፍ አጣች። ልጇን ታውቃታለች፤ ስትዋሽ የግራ ቅንድቧ ይነሳል፣ በዚህ ነገር ግን ቅንድቧ ከቦታው አልተነሳም። ይህን ግን ለማን ያስረዱታል። እንደ ክፉ አጋጣሚ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላዋ እናት አሳማዋ ወለደች፤ ከጥቁሮቹ ግልገሎች መሃል አንዷ ቀይ ሆና ወጣች። የጡብ ቀለም ያላት፣ ቀያይ ሽፋሽፍት ያላት ግልገል። ኒቢያ ስታያት በመንደሩ አፍ የሚባለውን ከወዲሁ ሰማችው፤ «እዚያ ቤት ሰውም አሳማውም» ሲሉ። አዴማር ቀልቦ እስኪሄድ ጠብቃ ግልገሏን በቀሚሷ ሸፈነችና ዶሮ ቤት ውስጥ ደበቀቻት። ጡጦም ያዘችላት። ቤቷ ለጊዜው አንድ ቀይ ይበቃት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እያካፋ ዙልማና አዴማር ሊነጋገሩ መጡ። አዴማር በር አጠገብ ቆሞ ቀረ። ዙልማ ካባዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ኒቢያ ያፈላችላትን የማቴ ሻይ አልነካችውም።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም ኒቢያ» አለች። «የደም ምርመራ አለ። ሞንቴቪዴዮ ይሠራል። ይሠራና ሁላችንም እንረፍ።»

«አሠሩ» አለች ማይቴ ልጇን እንዳቀፈች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ውጤቱ ሲመጣ ግን አዴማር እዚህ ቤት እንዳይመጣ። በወረቀት የሚያምነኝ ባል አልፈልግም።»

አዴማር ቀና አለ። ኒቢያ «ማይቴ» ልትል አፏን ስትከፍት የግቢው በር ተንኳኳ። በመስኮት አየች። ዝናቡ ውስጥ፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳሕን በብብታቸው አድርገው የቆሙት ክብርት ዶኛ ዴልሚራ ነበሩ። ኒቢያ በዚያች ሰዓት ከእሳቸው ይልቅ የረግረጉ አሳማ በመንጋ ቢገባባት ትመርጥ ነበር። ሮጣ ወጣች።

«ዶኛ ዴልሚራ፣ ዛሬ አይመችም።»

«ለማን?»

«ለሁላችንም።»

«ለኔ ተመችቶኛል። ዝናብ ነው፣ ቂጣ ጠብሻለሁ፤ ዝናብ ሳለ ካልተበላ ምኑን ተጠበሰ። ልጁንም አላየሁትም።»

«እባክዎን» አለች ኒቢያ፣ የበሩን መወርወሪያ ይዛ። «ያኔ የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ግን ምንም እንዳይናገሩ። ትዳር ሊፈርስ ነው።»

ዶኛ ዴልሚራ ትኩር ብለው አዩዋት። «እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ሁሌም የምጠይቅ ነኝ።» ብለው፣ በክንዷ ሥር ሾልከው ገቡ።

ዶኛ ዴልሚራ ቂጣውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን በእሳቱ አሞቁ፤ ከዚያ ማይቴ አጠገብ ሄደው መጠቅለያውን በአንድ ጣታቸው ገለጡ። ቀዩን ፀጉር አዩ። ጆሮውን ፊትም ኋላም አዩ። የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ነካኩ። ሁሉም ያቺን ጥያቄ ጠበቀ። አልጠየቁም። ልጁን መልሰው ሸፈኑና ዝም አሉ። ሰው ዶኛ ዴልሚራን ዝም ሲሉ አይቶ ስለማያውቅ ዝምታው ከንግግራቸው የባሰ አስፈራ።

አዴማር ነው የሰበረው። «ዶኛ ዴልሚራ፣ እርስዎ ለማንም ብለው ዋሽተው አያውቁም» አለ። «የማን ነው?»

«ጥያቄው ያንተ ነው የእናትህ?»

«የኔ ነው።»

ሊመልሱለት አፋቸውን ከመክፈታቸው ከጓሮ ጩኸት ተሰማ። የራበው ግልገል ጩኸት ደግሞ የትም ቢደበቅ ለሰባት ጎረቤት ይሰማል። ዶኛ ዴልሚራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ዶሮ ቤት ውስጥ አሳማ ምን ይሠራል?»

ኒቢያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ማንም ሳይነግራቸው ዶኛ ዴልሚራ በጓሮ በር ወጡ፤ ዙልማና አዴማር ተከተሏቸው፤ ማይቴም ልጇን በካፖርት ሸፍና ወጥታ ጣሪያው ሥር ቆመች። ዶኛ ዴልሚራ የዶሮ ቤቱን ከፍተው ቀይዋን ግልገል በሁለት እጃቸው አወጧት። ብርሃን ስታይ ዝም አለች።

«የማን ናት?» አሉ ኒቢያን።

«የሁለተኛዋ እናት አሳማ።»

«እናቷ ምን ዓይነት ናት?»

«ጥቁር።»

«አውራውስ?»

«ጥቁር። ንጹሕ ፓምፓ። እኔው ነኝ ያስገባሁት።»

ዶኛ ዴልሚራ ወደ አዴማር ዞሩ። «አጥሩን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«የረግረጉ አሳማ ሊገባበት ይችላል?»

አዴማር በሐዘኑ መሃል እንኳ አጥሩ ሲነካበት አልወደደም። «በዚያ አጥር? እባብ አይገባም።»

«ሌላ ቀይ አውራ በአካባቢው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ይቺ ከየት መጣች? እናቷን ጉረኖ ውስጥ የቆለፍካት አንተ ነህ። ቁልፉ ኪስህ ነው። ማንን ልትጠረጥር ነው?»

አዴማር ግልገሏን አየ። ቀጥሎ የማይቴን ካፖርት አየ።

«የኔ ልጅ አሳማ አይደለም» አለች ዙልማ።

«አይደለም። ፀጉር ግን ያው ፀጉር ነው» አሉ ዶኛ ዴልሚራ፣ ግልገሏን እያሻሹ። «ቀይ ጥቁር ሥር ይደበቃል። ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ ሲመጣ ማንም ሳያየው ተደብቆ ያልፋል፤ አንዳንዴ እስከ ልጅ ልጅ። ከሁለቱም ወገን የተገናኘ ዕለት ነው የሚወጣው። አባቴ ይህን ከአሳማ ሲማሩ አይቻለሁ፤ አንድም እናት አሳማ አባረው አያውቁም። ኒቢያ፣ በናንተ በኩል ቀይ አለ?»

ኒቢያ «የለም» ልትል ነበር። ድንገት አንሴልሞ መጣባት። በሕይወቱ ሙሉ ጧት ጧት ጢሙን ሳይላጭ ከቤት የማይወጣው፣ ፀጉሩ ጥቁር የነበረው አንሴልሞ። በመጨረሻው ሕመሙ እጁ አልታዘዝ ብሎት ጢሙ ሲያድግ፣ ጉንጩ ላይ የወጣው እንደ መዳብ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱም አይተው ስቀዋል። «ቀበሮ አግብቼ ኖሯል» ብላው ነበር፤ እሱም እያሳለ ስቆ «ዘግይተሽ ነው ያወቅሽው» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳቅ አስታውሳው አታውቅም ነበር።

«የአባትሽ ጢም» አለች ወደ ማይቴ ዞራ፤ እንባዋ ቀደማት። «የአባትሽ ጢም ቀይ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።»

«አንድ ወገን ተገኘ» አሉ ዶኛ ዴልሚራ። «ሌላው ቀረ።»

ሁሉም ጠበቀ። አሁን በአዴማር በኩል ያለውን ሊናገሩ ነው። ዶኛ ዴልሚራ ግን የማንንም ስም አልጠሩም። ዙልማን እያዩ ግልገሏን ማሻሸታቸውን ቀጠሉ። ዝናቡ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ኒቢያ ከዚያ በፊት አይታባቸው የማታውቀውን ነገር ያኔ አየችባቸው። የሚያውቁትን ነገር አፋቸው ውስጥ ይዘው፣ ሴትዮዋ ራሷ እስክታወጣው ይጠብቁ ነበር። ማስገደድም አልነበረበትም፤ ዙልማ «አይ» ብትል ያችኑ ግልገል ለኒቢያ ሰጥተው ዝም ብለው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

ዙልማ እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። ድምፅዋ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የኔ ነው» አለች። «ቀዩ የኔ ነው።»

«እናቴ?» አለ አዴማር።

«ስወለድ ከዚህ ልጅ የባስኩ ቀይ ነበርኩ። አባቴ "የኔ አይደለችም" ብሎ እናቴን ሲያሰቃያት ኖረ። አንድ ቀን እናቴ ፀጉሬን ጥቁር ቀባችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቀብቼ ነው የኖርኩት። አባትህ እንኳ ሳያውቅ ሞተ።» ዶሮ ቤቱ አጠገብ ባለው ግንድ ላይ፣ በእርጥቡ ላይ ተቀመጠች። «እናቴ ያን ሁሉ ስታለቅስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዛሬ ደግሞ መጥቼ ይህችን ልጅ...»

ማይቴ ከጣሪያው ሥር ሆና አየቻት።

ቆይታ ዙልማ ፊቷን ወደ ዶኛ ዴልሚራ አነሳች። «ይህን ሁሉ ዘመን ያውቁ ነበር። ለምን ለማንም አልነገሩም?»

«የማይጎዳውን ነው የምለፈልፈው» አሉ ዶኛ ዴልሚራ። «ጆሮ፣ አፍንጫ፣ የአሳማ ጅራት። የሚጎዳውን ከተናገርኩማ ይሄ አገር አንድ ቤት አይቆምለትም።» ግልገሏን ለአዴማር አስታቀፉት። «ደግሞስ እናትሽ የፀጉር ቀለም ለማስገዛት ድንበር ላይ ወዳለችው ወደ ቹይ ከተማ የምትልከው ሰው ሲቸግራት ማን የሄደ ይመስልሻል?»

ዙልማ ሳታስበው ሳቀች። የተደፈነ ምንጭ እንደሚፈነዳ ነው የወጣው። ኒቢያም ሳቀች።

አዴማር ግን አልሳቀም። ግልገሏን እንዳቀፈ ወደ ሚስቱ ሄደ።

«እኔ ስነግርህ አላመንክም» አለች ማይቴ። «አሳማ ስትነግርህ አመንክ።»

«አዎ» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ ከአሳማዋ ጋር እደር።»

እንዳለችውም አደረገ። ግልገሏን ወደ እናቷ መልሶ ጉረኖው አጠገብ ባለው የእህል ቤት ጆንያ ዘርግቶ አደረ፤ በማግስቱም፣ በማግስቱም። ይቅርታ በአንድ ጊዜ አልመጣም። አንድ ጧት ባልዲውን ይዞ ሲያልፍ ማይቴ በሩን ከፍታ «ልጁ ይዞ የሚያስገሳው ይፈልጋል፣ እጄ ዝሏል» አለችው። እጁን ታጥቦ ገባ። ልጁ ትከሻው ላይ እንደ ሰካራም አገሳ። ከዚያ ወዲያ የሱቁ ክፍል ባዶውን አደረ።

ልጁ አንሴልሞ ተብሎ ክርስትና በተነሳበት ቀን ቤተ ክርስቲያኑ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ዙልማ በባዶ ራሷ መጣች። ከሥሩ የወጣው ፀጉሯ ገሚሱ ነጭ፣ ገሚሱ የዛገ ሚስማር የመሰለ ነው፤ ጫፉ ገና ጥቁር ነበር። ሰው አፍጥጦ አያት፤ እሷም መልሳ አፈጠጠች። የክርስትና እናት እንዲሆኑ ማይቴ የመረጠችው ደግሞ ዶኛ ዴልሚራን ነበር። ኒቢያ አዲስ ጥቁር ቀሚስ ሰፍታላቸዋለች። ልጁን ታቅፈው ሲቆሙ መጠቅለያው እስከ ጉልበታቸው ወርዶ ነበር።

ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲከባቸው ከኋላ አንዱ «ክብርት ዳኛ፣ እስቲ ፍርድ ይስጡ፤ ልጁ ማንን ነው የሚመስለው?» አላቸው። አንሴልሞ ይላሉ ብሎ የጠበቀ ነበር፤ ዙልማ ይላሉ ብሎ የጠበቀም ነበር። ዶኛ ዴልሚራ ልጁን ሲያዩት ቆዩ። ባል አግብተው አያውቁም። በዚያ ሁሉ አገር፣ ከረግረጉ እስከ ባሕሩ፣ የሁሉንም ጆሮ ከባለቤቱ ሲያገናኙ የኖሩት ሴትዮ ጆሯቸውን የወረሰ አንድም ልጅ አልነበራቸውም።

«እኔን» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ኒቢያ ጠጋ ብላ አየች። ልጁን አየች፣ ያንን ሹል የእርጅና ፊት አየች፣ እንደገና ልጁን አየች። አንድም የሚመሳሰል ነገር አልነበራቸውም።

«በተለይ አገጩ» አለች።